ሰባት ዓመት ያንኑ ጠርሙስ

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ወይን ጠጅ እወዳለሁ እያልኩ አወራለሁ እንጂ የምጠጣው አንድ ብቻ ነው። ካበርኔ ሶቪኞን የሚባል ቀይ ወይን፣ ያውም ከአንድ አምራች። ሰባት ዓመት ሆነኝ። የመጠጥ ዝርዝር ሲሰጡኝ ገጹን ሳልገልጥ ነው የማዘው። ባለፈው አዲስ ዓመት ‹በየሳምንቱ አንድ አዲስ ወይን፣ በዓመት 52› ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሪስሊንግ የሚባል ነጭ ወይን ከፈትኩ። አቼቶ የጠጣሁ መሰለኝ። ግማሹን ደፋሁትና ‹ነጭ ወይን ለእኔ አልተፈጠረም› ብዬ ወደ ቀድሞዬ ተመለስኩ። ባለቤቴ ‹የምትወጂውን አግኝተሻል፣ ሌላው ምን ያደርግልሻል?› ይለኛል። እውነቱን ይሆን? ካልሆነ ዘንድሮ ከየት ልጀምር? ገንዘቤንስ አብሬ ሳልደፋ እንዴት ይሆናል?»
ገጹን የማልገልጠው ነኝ

ገጹን የማትገልጪው እህቴ፣

ከባለቤትሽ ልጀምር። ግማሽ እውነት አለው። ወይን ጠጅ ፈተና አይደለም፤ 20 ዓይነት ያልቀመሰ ይወድቃል የሚል ሕግ የለም። አንድ ጠርሙስ ወዶ ከዚያው ጋር ያረጀ ሰው አንድም ነገር አልቀረበትም። ግን የረካ ሰው ለምክር ዓምድ ደብዳቤ አይጽፍም። ስለዚህ ባለቤትሽን ለጊዜው እናቆየው። መጨረሻ ላይ ሥራ እሰጠዋለሁ።

ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባላል። የወይን ዝርዝር እጃችን ላይ ሲወድቅ አብዛኞቻችን የምናደርገው ይህንኑ ነው። ወይን ጠጅ የሚሠራባቸው የወይን ዝርያዎች ከ1,300 በላይ ናቸው። ስማቸው ምላስ ያስራል። አስተናጋጁ እስክሪብቶውን ይዞ ቆሟል። አብረውሽ የተቀመጡት እያዩሽ ነው። ጣትሽ ሳታዝዢው ወደሚያውቀው መስመር ይሄዳል። ይሄ ስንፍና አይደለም። ላለማፈር ነው።

እኔም ከዚሁ ነው የመጣሁት። ሻርዶኔ የሚባል ነጭ ወይን አለ፤ ለዓመታት «ሻርዶኔ አልጠጣም» ባይ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ወፍራም፣ ቅቤ ቅቤ የሚል፣ የእንጨት ሽታው አፍንጫ የሚዘጋ ሻርዶኔ ገጥሞኝ በዚያው ቆረጥኩ። በኋላ አንድ ጓደኛዬ ቤት ነጭ ወይን ተቀዳልኝ። ጥርት ያለ፣ ቀጭን፣ ዝናብ የነካው ድንጋይ የሚሸት። ሁለተኛ አስቀዳሁ። «ነጭ ወይን ማለት ይሄ ነው፣ ከዚያ ከሻርዶኔ ጋር ምን አገናኘው!» አልኩ። ጓደኛዬ ምንም አላለም። ጠርሙሱን ብቻ ወደ እኔ አዞረው። «ሻብሊ» ይላል። አሁንም አልገባኝም። «ሻብሊ የቦታ ስም ነው፤ ፈረንሳይ፣ ቡርጎኝ ውስጥ፣ ሰሜኑ ጫፍ። በሕጉ እዚያ ሻብሊ ተብሎ የሚሸጠው ሻርዶኔ ብቻ ነው» አለኝ። አልጠጣም ብዬ የማልኩበትን ሁለት ብርጭቆ ገልብጬ ነበር።

ልብ በይ፣ የጠርሙሱ ወረቀት ላይ ሻርዶኔ የሚል ቃል አልነበረም። ብዙዎቹ የፈረንሳይ ወይኖች የሚጠሩት በቦታቸው እንጂ በፍሬያቸው አይደለም። ሰው ሳያውቀው የሚወደውን ይሸሻል፣ የሚሸሸውን ይወዳል።

አሁን ወደ 52ቱ እንምጣ። የከሸፈው አንቺ ሰንፈሽ አይደለም። ዕቅዱ ራሱ ነው ጠማማው። መጀመሪያ ሂሳቡን እዪው። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ በ150 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። 52 ጠርሙስ ማለት 260 ብርጭቆ ነው። ይሄ ልማድ ማስፋት አይባልም፣ መጠን መጨመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና አያሰጋም የሚባል የአልኮል መጠን የለም ሲል በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምልሽ ሁሉ አሁን በምትጠጪው መጠን ውስጥ ነው። ከዚያም ቢቀንስ እሰየው።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። በየሳምንቱ አንድ እንግዳ ወይን ብቻውን ስትቀምሺ የምታወዳድሪበት የለሽም። ምላስ ያለፈውን ሳምንት አያስታውስም። የሚቀርሽ «ከለመድኩት ይለያል» የሚል ስሜት ብቻ ነው። ከልማድ የተለየ ነገር ደግሞ መጀመሪያ ላይ መጥፎ መምሰሉ አይቀርም። በዚህ ዓይነት 52 ጠርሙስ ቢያልፍ 52 ጊዜ ካበርኔሽን ትናፍቂያለሽ።

ስለዚህ ዘንድሮ ካበርኔሽን አትጣይው። አጠገቡ ሁለተኛ ብርጭቆ አስቀምጪ። ምክሬ ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

እንዲህ አድርጊ። ሁለት አንድ ዓይነት ብርጭቆ አውጪ። አንድ ዓይነት መሆናቸው ጥቅም አለው፤ የብርጭቆው ቅርፅ ሽታውን ስለሚለውጠው የወይኑን ልዩነት ከብርጭቆው ልዩነት መለየት ያቅትሻል። በአንዱ የለመድሽውን፣ በሌላው እንግዳውን ቅጂ። አትሙዪው። ሦስት አራት ጉንጭ ይበቃል። መጀመሪያ ሁለቱንም አሽትቺ። ከዚያ ከካበርኔሽ ተጎንጪ፣ አፍሽ ውስጥ አዙሪው፣ ዋጪው። አሁን ምላስሽን በላይኛው ድድሽ ላይ አንሸራቺ። ይሻክራል፣ አይደል? ቅጠሉ ውስጡ ቆይቶ የወፈረ ሻይ ያለ ስኳር ስትጠጪ እንደሚሰማሽ። እሱ ታኒን ነው። ከፍሬው ቆዳና ከዘሩ ይወጣል፤ ምራቅሽ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ይይዝና አፍሽን ያደርቀዋል። ትንሽ ጠብቂ። ከጉንጭሽ ጎንና ከምላስሽ ሥር ምራቅ ይመጣል። ያ ደግሞ የአሲዱ፣ የኮምጣጣነቱ ሥራ ነው። አንዱ ያደርቃል፣ አንዱ ያረጥባል። በመጨረሻ ክብደቱን መዝኚ። እንደ ውኃ ሹልክ ይላል ወይስ እንደ ወተት አፍ ይሞላል?

ከዚያ ሁለተኛው ብርጭቆ። ያንኑ ጠይቂው። ከዚያ ወደ ራስሽ ተመለሺ። ይሄ መመለሱ ነው ትልቁ ነገር። ሰባት ዓመት የጠጣሽው ወይን ጎረቤት ሲያገኝ ጠባዩን ያወጣል። «ለካ የእኔው ይህን ያህል ድድ ያደርቃል!» ትያለሽ። ወይም «ለካ የምወደው ይቺን የቫኒላ ሽታ ኖሯል!»

አጠገቡ ማን ይቀመጥ? ከዘመዶቹ ጀምሪ። እ.ኤ.አ. በ1997 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ጆን ባወርስና ካሮል ሜሬዲት የካበርኔ ሶቪኞንን ዲኤንኤ መርምረው ወላጆቹን አወጡ። አንዱ ካበርኔ ፍራን ነው፤ ቀይ። ሌላው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሶቪኞን ብላን። ነጭ! ነጭ ወይን ለእኔ አልተፈጠረም ያልሽው እህቴ፣ ሰባት ዓመት ስትጠጪ የኖርሽው የነጭ ወይን ልጅ ነው።

መጀመሪያ ካበርኔ ፍራንን አስቀምጪው። ሺኖን ወይም ቡርጌይ የሚል የፈረንሳይ ሎዋር ሸለቆ ቀይ ወይን ፈልጊ። ከልጁ ቀለል ይላል፣ ድድ ላይም ለስለስ ይላል፣ እርሳስ ሲቀረጽ የሚወጣውን ሽታና የአረንጓዴ ቅጠል ሽታ ታገኚበታለሽ። ከዚያ ካርሜኔር፣ ሌላ ቀይ። እሱም የካበርኔ ፍራን ልጅ ነው፤ ከካበርኔሽ ጋር በአንድ ወላጅ ይገናኛሉ። የካርሜኔር ታሪክ ደስ ይለኛል። መነሻው የፈረንሳይ ቦርዶ ነው፤ እዚያ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ቺሊ ውስጥ ግን መርሎ ከሚባል ሌላ ቀይ ዝርያ ጋር ተደባልቆ ተተክሎ ለረጅም ጊዜ «መርሎ» እየተባለ ሲሸጥ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1994 ዣን ሚሼል ቡርሲኮ የሚባል የወይን ተክል ሊቅ ማሳው ውስጥ ገብቶ አየና «ይሄ መርሎ አይደለም» አለ። ያ ሁሉ ሰው ካርሜኔር እየጠጣ መርሎ እወዳለሁ ይል ነበር ማለት ነው። እኔና ሻብሊ ብቻችንን አይደለንም።

ሁለቱን ከካበርኔሽ ጎን ካየሽ በኋላ ምን እንደምትወጂ በግምትም ቢሆን ታውቂያለሽ። መንገዱ እዚህ ላይ ይከፈላል።

የምትወጂው ያ ድድ ማድረቁ ከሆነ ወደ ኔቢዮሎ ሂጂ። የጣሊያን ፒዬሞንቴ ፍሬ ነው፤ ባሮሎ የሚሠራው ከእሱ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ስታዪው ትስቂያለሽ፤ ቀለሙ ገርጣ ያለ፣ በወዲያ በኩል ጣት የሚታይበት። «ይሄ ነው ከባድ የተባለው?» ትያለሽ። ከዚያ ጉንጭሽ ከጥርስሽ ይጣበቃል። የቀይ ወይን ቀለምና ጉልበት አብረው እንደማይሄዱ በአንድ ጉንጭ የሚያስተምር ሌላ ወይን አላውቅም። ጥቁር ቀለሙንም ከፈለግሽ የጆርጂያ ሳፔራቪ አለ፤ የፍሬያቸው ሥጋ ራሱ ቀይ ከሆነ ጥቂት የወይን ዝርያዎች አንዱ ነው።

የምትወጂው የቫኒላና የጢስ ነገር ከሆነ ግን ልንገርሽ፣ የወደድሽው ካበርኔን አይደለም። በርሜሉን ነው። ያ ሽታ ከኦክ እንጨት ነው የሚመጣው። ይህን ማወቅ ትልቅ መገላገል ነው፤ ምክንያቱም በርሜል የገባ ወይን በየአገሩ አለ። ከስፔን ሪዮሃ «ሬሴርቫ» የሚል ፈልጊ። በኦክ በርሜል የቆየ ሻርዶኔም፣ ያ እኔ የሸሸሁት ዓይነት፣ ለአንቺ ሊሆን ይችላል። አንዱ የሸሸውን ሌላው ይከተለዋል።

የምትወጂው የበሰለ ፍሬ ጣዕሙና አፍ መሙላቱ ከሆነ የአርጀንቲናው ማልቤክና የአውስትራሊያው ሺራዝ አሉልሽ። እነዚህ ቀላል ናቸው፣ ብዙ ምክር አያሻቸውም። ሺራዝና ሲራ አንድ ዝርያ መሆኑን ብቻ ያዢ፤ ፈረንሳይ ውስጥ ሲራ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ቀጠን ብሎ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል።

በዓመቱ መሃል አንድ ጊዜ ደግሞ ፍጹም ተቃራኒውን አስቀምጪ። የፈረንሳይ ቦዦሌ ቀይ፣ ጋሜ የሚባለው ፍሬ። ይህን ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1395 የቡርጎኝ መስፍን ደፋሩ ፊሊፕ «ከዳተኛ» ብሎ ከግዛቱ እንዲነቀል አዋጅ አውጥቶበታል። ከቡርጎኝ በስተደቡብ ቦዦሌ ላይ ግን ሥር ሰዶ ቀረ። ታኒኑ ትንሽ ነው፣ አሲዱ ንቁ ነው፣ ቀይ ሆኖ ቀዝቀዝ ተደርጎ ይጠጣል። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆይተሽ ከካበርኔሽ ጎን ቅጂው። የመጀመሪያው ጉንጭ ጭማቂ ይመስልሻል። ልትንቂው ትችያለሽ። እኔ ንቄው ነበር። ጠርሙሱ ከሁሉ ቀድሞ ሲያልቅ ነው የነቃሁት።

ስለ ማቀዝቀዝ ከተነሳ አንድ ነገር። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል የሚባለው ምክር ለቀዝቃዛ ክፍል የተነገረ ነው። 16 ወይም 17 ዲግሪ ማለት ነው እንጂ 25 ዲግሪ አይደለም። ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ላይ ይወጣል፣ ፍሬው ይደበዝዛል። የራስሽን ካበርኔ ከመክፈትሽ በፊት 20 ደቂቃ ፍሪጅ አስገቢው። ምናልባት የዓመቱ የመጀመሪያ አዲስ ወይንሽ እሱ ራሱ ይሆናል።

አሁን ወደዚያ ወደ ደፋሽው ሪስሊንግ። እኔ ስላልቀመስኩት ጥሩ ነበር ብዬ አልምልልሽም። ግን አቼቶ መሰለኝ ያልሽው በአፍንጫ ነው በአፍ? ሽታው አቼቶ አቼቶ ካለ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ ወይኑ ተበላሽቷል፣ መድፋትሽ ልክ ነው። እርጥበት የገባው ካርቶን ከሸተተ ደግሞ ቡሹ አበላሽቶታል፤ እሱም ይመለሳል እንጂ አይጠጣም። ሽታው ደህና ሆኖ አፍሽን ብቻ ከቆነጠጠሽ ግን ምንም ብልሽት የለበትም። የሪስሊንግ ጠባዩ ነው። ከነጭ ወይኖች ሁሉ አሲዳቸው ከሚበረታው አንዱ ነው። አንቺ ደግሞ ሰባት ዓመት ታኒን ስትጠብቂ የኖርሽ ሰው ነሽ፤ የሚሻክር ስትጠብቂ የሚቆነጥጥ መጣብሽ። መደንገጥሽ አይገርምም።

እንደገና ሞክሪው፣ ግን በሌላ በር ግቢ። ከጀርመን ሞዘል «ካቢኔት» የሚል ጠርሙስ አንሺና ወረቀቱ ላይ የአልኮሉን ቁጥር እዪ። እርሾ ስኳሩን እየበላ ነው አልኮል የሚያደርገው። ቁጥሩ 8 ወይም 9 በመቶ ከሆነ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ አልተበላም፣ ወይኑ ውስጥ ጣፋጭነት ቀርቷል። 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም «ትሮክን» ካለ ስኳሩ አልቋል፣ ደረቅ ነው። የመጀመሪያሽ ትሮክን የነበረ ይመስለኛል። 8 በመቶ የሆነው ግን ሎሚ ጭማቂ ውስጥ ስኳር እንደገባበት ነው፤ ኮምጣጣነቱ ሳይጠፋ ይገራል። ይቺ የቁጥር ዘዴ ለጀርመን ሪስሊንግ ከማንም ሻጭ ምክር በላይ ጠቅማኛለች።

ይህም ካልሆነልሽ ለቀይ ወይን ሰው የተሠራ የሚመስል ሌላ ነጭ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የምጓጓልሽ ለእሱ ነው።

ቀይ የወይን ፍሬ ቆርጠሽ ብታዪ፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ውስጡ ነጣ ያለ ነው። ጭማቂውም ነጣ ያለ ነው። ቀለሙ ያለው ቆዳው ላይ ነው፤ ታኒኑም ከቆዳውና ከዘሩ ነው። ስለዚህ ቀይ ወይን የሚቀላው ጭማቂው ከቆዳው ጋር አብሮ ስለሚብላላ ነው። ነጭ ወይን ነጭ የሚሆነው ቆዳው ቶሎ ስለሚለይ ነው። ነገሩን ገልብጪው። የነጭ ወይን ፍሬ ከነቆዳው ቢብላላስ? ጆርጂያ ውስጥ ከጥንትም እንዲህ ይሠራል። ክቬቭሪ የሚባል፣ እንቁላል የመሰለ ትልቅ የሸክላ ጋን መሬት ውስጥ ይቀበራል። ጭማቂው ከነቆዳው፣ ከነዘሩ ይገባበታል፣ ይከደናል፣ ለወራት ይተዋል። ሲወጣ የማር ቀለም ይዞ ይወጣል። በዚያ አገር የተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ወይን 8,000 ዓመት ገደማ እንደተሠራበት ይመሰክራሉ፤ የክቬቭሪውንም አሠራር ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። ርካጺቴሊ የሚባለውን ዝርያ በዚህ መንገድ የተሠራውን ፈልጊና ከካበርኔሽ ጎን አስቀምጪው። የደረቀ አፕሪኮትና የሻይ ቅጠል ይሸታል። ተጎንጪ። ምላስሽን ድድሽ ላይ አንሸራቺ። ይሻክራል! ነጭ ፍሬ ሆኖ ያ የምታውቂው መሻከር አለው። ከዚህ በኋላ «ነጭ አልወድም» ማለት ይከብድሻል።

የገንዘቡ ነገር። በመጀመሪያ 12 ይበቃሻል፣ 52 አይደለም። በወር አንድ እንግዳ። በተቻለ መጠን በብርጭቆ ከሚሸጥበት ቦታ ቅመሺ፤ ግማሽ ጠርሙስ፣ 375 ሚሊ ሊትር የሚይዘውም አለ። የተከፈተ ጠርሙስ በአንድ ምሽት መጨረስ ግዴታ አይደለም። ቡሹን መልሺበትና ቀይም ይሁን ነጭ ፍሪጅ አስገቢው፤ ሦስት ቀን ገደማ ደህና ይቆያል። እንዲያውም መጀመሪያ ቀን የዘጋብሽ ወይን በማግስቱ ልቡን ይከፍታል። ስለዚህ አልወደድኩትም ብለሽ ከመድፋትሽ በፊት አንድ ሌሊት ስጪው። ያን ሪስሊንግ የበደልሽው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው፣ ዝነኛ ስም ራሱ ያስከፍላል። ሻምፓኝ የሚሠራበት ዘዴ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ እንዲብላላ ማድረግ፣ ለሌሎችም ክፍት ነው። «ክሬማን» የሚሉት የፈረንሳይ ወይኖችና የስፔኑ «ካቫ» በዚሁ ዘዴ ነው የሚሠሩት። ከዝነኛው አጠገብ ያለውን ጎረቤት ጠይቂ። ሻጩንም አትፍሪው። «ጥሩ ወይን ስጠኝ» ግን አትበይው፤ እሱ ለማንም አይጠቅምም። «ካበርኔ እጠጣለሁ፣ ድድ የሚያደርቀውን እወዳለሁ፣ ይህን ያህል ነው የማወጣው፣ ካበርኔ ያልሆነ ስጠኝ» በይው። እንዲህ የጠየቀ ደንበኛ ሲመጣለት ዓይኑ የማይበራ ሻጭ ካጋጠመሽ ሻጭ ቀይሪ።

የቀመስሽውን ጻፊ፣ ግን እንደ እኔ አይደለም። የድሮ ማስታወሻ ደብተሬ አለ። «ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ»፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ «ዋው»። የትኛው ለምን ዋው እንደተባለ ዛሬ አላውቅም። አንቺ የወረቀቱን ፎቶ አንሺና ከሥሩ ከካበርኔሽ ጋር አወዳድረሽ አንድ መስመር ጻፊ፦ «ከእኔው ይቀላል፣ የበለጠ ያረጥባል፣ ሽታው ቅጠል ቅጠል።» አበባና ቤሪ መዘርዘር አይጠበቅብሽም።

ዓመቱ ሲጋመስ፣ ድፍረቱ ሲመጣ፣ አንድ ፊኖ ሼሪ ቅመሺ። ከስፔን ሄሬስ ነው፣ አልኮሉ 15 በመቶ ገደማ፣ በርሜሉ ውስጥ ላዩን የሸፈነው የእርሾ ስልባቦት ነው ጣዕሙን የሚሰጠው። ድርቅ ያለ፣ ጨው ጨው፣ ለውዝ ለውዝ የሚል ነው። በደንብ ቀዝቅዞ፣ ትንሽ በትንሽ። መጀመሪያ ትጠይኛለሽ። ይሄኛውን በሁለተኛ ጠርሙስ እንጂ በአንደኛ አትፍረጂበት። እኔን ሦስት ጊዜ ነው የፈጀብኝ።

አንዳንድ ወር ይዘለልሻል። አንዳንድ ቀን ደክሞሽ ትገቢና የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንዲሉ እጅሽ ወደ ካበርኔው ይሄዳል። ይሂድ። የእሱ ቀን ነው።

አሁን ባለቤትሽ። «የምትወጂውን አግኝተሻል» ብሎ የለ? ያረጋግጥ። እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ በሆነ አንድ ጥናት ቦርዶ ውስጥ ለ54 የወይን ሙያ ተማሪዎች ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ማቅለሚያ ቀይ ተደርጎ ቀርቦላቸው ነበር። ወይኑን የገለጹት ለቀይ ወይን በሚውሉ ቃላት ነበር። ዓይን አፍንጫን ያታልላል። የጠርሙሱ ወረቀትም እንደዚያው። ስለዚህ አንድ ምሽት ባለቤትሽ ሦስት ጠርሙስ በካልሲ ይሸፍን፦ የአንቺን ካበርኔ፣ ካበርኔ ፍራንና ካርሜኔር። አንቺ ዞር በይ። በሦስት አንድ ዓይነት ብርጭቆ ትንሽ ትንሽ ይቅዳ። ከዚያ ሰባት ዓመት የጠጣሽውን ለይተሽ አውጪለት።

ካገኘሽው፣ ተራ ቀይሩ፤ አንቺ ጠርሙሶቹን በካልሲ ሸፍነሽ እሱ ይሞክር። ካላገኘሽው ደግሞ የትኛውን የእኔ ነው እንዳልሽ ጻፊልኝ፤ የሚቀጥለው ወር ጠርሙስሽን ከዚያ ተነስተን እንመርጣለን።